ለለንደን የተሠራ የፀሐይ ሰዓት ባሕር ዳር ላይ እንዴት ይተከላል?

ጥያቄ፦ ጥንታዊ የነሐስ አግዳሚ የፀሐይ ሰዓት ነው፤ ጥላ ጣዩ ክንፍ ከሰሌዳው ጋር 51.5 ዲግሪ ይሠራል። ጣና ዳር በውሃ ልክ አስተካክለን ብናስቀምጠው ጠዋትና ከሰዓት በኋላ ይሳሳታል። ክንፉን እንጠፈው?

መልስ 1፦ በፍጹም አይንኩት፣ ቅርስ ነው! ደግሞም የሰዓት መስመሮቹ የተቀረጹት ለለንደን ስለሆነ ክንፉን ብቻ ማጠፍ አያስተካክለውም። የክንፉ ጠርዝ ወደ ሰሜን የሰማይ ዋልታ (ሰማዩ የሚዞርበት ወደሚመስለው ነጥብ) መጠቆም አለበት፤ ባሕር ዳር ላይ ይህ ከአድማስ 11.6 ዲግሪ ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ ከሰሌዳው ሥር የ40 ዲግሪ ሽብልቅ አስገብተው የደቡቡን ጠርዝ ከፍ ያድርጉ።

መልስ 2፦ ሰሜኑን በኮምፓስ አይወስኑ፣ ይዛነፋል። ቀጥ ያለ እንጨት ይትከሉና ጠዋት 3 ሰዓት ላይ የጥላውን ጫፍ ምልክት ያድርጉ። በዚያ ርዝመት እንጨቱን ማእከል ያደረገ ክብ ይሳሉ፤ ከሰዓት በኋላ ጫፉ ክቡን ሲነካ ሁለቱን ነጥቦች ያገናኙ። ይህ መስመር ምሥራቅ-ምዕራብ ነው፤ በቀጥታ ማእዘን የሚያቋርጠው ደግሞ ሰሜን-ደቡብ ነው።

ጥያቄ፦ ከእጅ ሰዓት ጋርስ?

መልስ 2፦ አይገጥምም፣ ጥፋት ግን አይደለም። የአገራችን ሰዓት የ45 ዲግሪ ኬንትሮስን ይከተላል፣ ባሕር ዳር 37.4 ላይ ናት፤ ልዩነቱ በአማካይ 30 ደቂቃ ነው፣ እንደ ወቅቱም ከፍና ዝቅ ይላል። ጥላው XII (ቀትር) ላይ ሲያርፍ የእጅ ሰዓት በየካቲት መጀመሪያ 6፡44፣ በጥቅምት መጨረሻ 6፡14 ገደማ ይላል።