ዛሬ የተራገፈ የዶሮ ኩስ እስከ ነገ እንዲነሳ ታዝዟል፤ ምን ላድርግ?

ጠያቂ (ከኮምቦልቻ)፦ ዛሬ ጠዋት አንድ አይሱዙ ሙሉ የዶሮ ኩስ ከእርሻዬ ዳር አራግፌ ገና ሳልበትነው፣ ከታች ያሉት ጎረቤቴ «ወደ ጉድጓድ ውኃዬ ይወርዳል» ብለው ለቀበሌ በማመልከታቸው እስከ ነገ እንዳነሳው ታዝዣለሁ። የሽንኩርት ችግኜ የሚተከለው በሚቀጥለው ሳምንት ሲሆን የበልጉ ደመናም ከወዲሁ ጠቁሯል። ፍግ ማዳበሪያ እንጂ ቆሻሻ ስላልሆነ ትእዛዙ ሕጋዊ አይመስለኝም። እባካችሁ ቶሎ መልሱልኝ።

የጦሳ ልጅ፦ በሸራ ይሸፍኑት።

ሕግ አዋቂ፦ የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ማንኛውም ሰው አካባቢን እንዳይበክል ስለሚከለክል፣ ማዳበሪያ ተብሎ መጠራቱ ብቻውን አያድንዎትም። በዚሁ አዋጅ መሠረት ማንም ሰው የግል ጥቅሙ መነካቱን ማስረዳት ሳያስፈልገው ለአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት አቤት ማለት ይችላል፤ በ30 ቀን ውስጥ ውሳኔ ካላገኘም ፍርድ ቤት መሄድ ይችላል።

ጠያቂ፦ ጋሼ፣ የቸገረኝ የነገው ነገር እንጂ የ30 ቀኑ አይደለም።

ከደሴ፦ ሽታው የሐረጎን ዳገት ወጥቶ እኛ ዘንድ ስለደረሰ እኛም ከአመልካቾቹ ጋር ተቆጠርን።

የቃሉ ገበሬ፦ አባቶቻችን ፍግ ሲበትኑ ማን ከሰሳቸው?

የእርሻ ባለሙያ፦ እነሱ የሚበትኑት በአብዛኛው የቆየ የከብት ፍግ ነበር፤ የዶሮ ኩስ ግን ናይትሮጅኑ ከዚያ እጅግ የበዛ በመሆኑ፣ እርጥቡ የችግኝ ሥር ያቃጥላል፣ በዝናብ ሲታጠብም ናይትሬቱ (ከናይትሮጅኑ የሚፈጠረው፣ በውኃ የሚሟሟው) ወደ ጉድጓድ ውኃ ይሰርጋል። ጉድጓዱ ምን ያህል እንደሚርቅ ባይነግሩንም ከታች መሆኑ ይበቃል። አብሽሩ፤ ዛሬ ማታ ከክምሩ በላይ በኩል ጎርፉን የሚያስቀይስ ቦይ፣ ከታች ደግሞ የአፈር እርከን ይሥሩ። ነገ ጎርፍ ወደማያልፍበት ሜዳ አንስተው ከተከተፈ የማሽላ አገዳና ከጤፍ ጭድ ጋር እያፈራረቁ ይከምሩት፤ ሲጨብጡት እጅዎን የሚያረጥብ እንጂ የሚንጠባጠብ አይሁን። ውስጡ ከ55 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በላይ ሲግል ጀርሙ ይሞታል፤ ሲበርድ ይገልብጡት። ለዘንድሮው ሽንኩርት ግን አይደርስም።

ከደሴ፦ በአሜሪካ የኦርጋኒክ እርሻ ደንብም የሚበላው ክፍሉ አፈር ለሚነካ ሰብል ጥሬ ፍግ አፈር ውስጥ የሚገባው ከምርት መሰብሰቢያው ቢያንስ 120 ቀን ቀደም ብሎ ነው።

የቃሉ ገበሬ፦ ሽንኩርቱ የሚበላው እዚሁ ኮምቦልቻ ነው፣ አሜሪካ ምን አገባት?

የጦሳ ልጅ፦ ሌሊቱን ሲዘንብ አድሯል። ጠያቂው ሸራ አገኙ ወይ?