ለባል ሳይነግሩ ዕቁብ መግባት፦ ድፍረት ነው ወይስ ውሸት?

የመንደራዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ስሜን ተዉት። እዚሁ ጅማ፣ መንደራ ነው የምኖረው። በተክሊል ከተጋባን 14 ዓመት ሆኖናል፣ ሁለት ልጆች አሉን። ባለቤቴ የኤፍ ኤስ አር ሾፌር ነው። ቡና ጭኖ አዲስ አበባ ይመላለሳል። እኔ ሂርማታ ገበያ ኮረሪማና ጥቁር አዝሙድ እሸጣለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አምና ባለቤቴ ለጓደኛው ዋስ ሆነ። ጓደኛው በቡና ለቀማ ወቅት «ቡና ልሰብስብ» ብሎ ተበደረ፣ ከዚያ ጠፋ። ባሌ ዋስ መሆኑን የሰማሁት ላማችንን ሊነዱ የመጡ ቀን ነው። በር ላይ ቆሜ «የማንን ላም ነው?» አልኩ። ሰዎቹ ወደሱ ዞሩ። እሱ መሬት መሬቱን ያያል።

ከዚያ በኋላ ሳልነግረው ዕቁብ ገባሁ። 40 ሰው ነን፣ በሳምንት 500 ብር። በ18ኛው ሳምንት ዕጣ ወጣልኝ። 20 ሺህ ብሩ በፌስታል ተጠቅልሎ የጤፍ ዱቄት በርሜል ውስጥ ነው ያለው። ላቦካ ዱቄት በቀዳሁ ቁጥር እጄ ይነካዋል።

ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ስለ ትዳር ትምህርት ነበር። መምህሩ «ለባሏ ሳትነግር ገንዘብ የምታስቀምጥ ሚስት ከሐናንያ በምን ትለያለች?» አሉ። ሴቱ ሁሉ አቀረቀረ። እስከዚያ ድረስ እኔ ብቻ መስሎኝ ነበር። ያን ሁሉ አንገት ሲደፋ ሳይ ግን «ለካ ብዙ ነን» አልኩ።

ጥያቄዬ፦ ኃጢአት ነው ወይስ ቤት ማዳን? ልንገረው ወይስ ልተወው? ወንዶችም ጻፉ። ስድብ ግን አልፈልግም።

የአጂፕ ሾፌር፦
የተደበቀ ያው የተደበቀ ነው። እኔም ሾፌር ነኝ። ባለቤቴ መኪናዬ ውስጥ፣ ከወንበሩ ስር 20 ሺህ ብር ብታገኝ «ለቤታችን አስቦ ነው» ትላለች? «ወልቂጤ ላይ ሌላ ቤት አለው» ነው የምትለው። እናንተ ስትደብቁ ቁጠባ፣ እኛ ስንደብቅ ውሽማ!

ቶና፦
ሳቄን አመጣኸው ወንድሜ። ግን እሱ መጀመሪያ ዋስነቱን ደብቆ የለ? ላሟስ ሄዳ የለ?

የአጂፕ ሾፌር፦
እሱ ስላጠፋ እሷም ታጥፋ? እንዲህ ከሆነ ነገ ልጆቹም መደበቅ ይጀምራሉ።

የሰንበት ተማሪ፦
መምህሩን አክብሬ ነው የምናገረው። የሐናንያን ታሪክ ግን እንደገና እናንብበው፣ የሐዋርያት ሥራ 5 ላይ ነው። ሐናንያ መሬቱን ሸጠ። ከዋጋው አስቀረና የቀረውን ሁሉም እንደሆነ አስመስሎ በሐዋርያት እግር ስር አኖረ። ጴጥሮስ ምን አለው? ሳትሸጠው ያንተ ነበር፣ ከሸጥከውም በኋላ በእጅህ ነበር አለው። ጥፋቱ ውሸቱ ነው።

ደግሞ ሐናንያ ከሚስቱ መቼ ደበቀ? ሰጲራ ታውቅ ነበር። ተስማምተው ነው ያስቀሩት። እሱ ከሞተ ከሦስት ሰዓት በኋላ፣ ምንም ሳትሰማ ገባች። ጴጥሮስ «በዚህ ዋጋ ነው የሸጣችሁት?» ሲላት «አዎን» አለች። እውነቱን የምትናገርበት ዕድል ተሰጥቷት ነበር፣ የባሏን ውሸት ደገመች። እና ይሄ ታሪክ ለዕቁብ ሴቶች ሳይሆን የባሏን ጥፋት ለምትሸፍን ሚስት ነው የሚሆነው። እህታችን በር ላይ ቆማ «የማንን ላም ነው?» ማለቷ ከሰጲራ ለይቷታል።

የጊንጆዋ እናት፦
ተባረክ ልጄ። እኔ ደግሞ አቢግያን ልጨምር። 1ኛ ሳሙኤል 25። ባሏ ናባል ዳዊትን ሰድቦ መለሰ፣ ዳዊት ሰይፉን ታጠቀ። አቢግያ 200 እንጀራ፣ ሁለት አቁማዳ ወይን፣ አምስት በግ፣ የተጠበሰ እሸት፣ ዘቢብ፣ በለስ በአህያ ጭና ወጣች። ለባሏም አልነገረችውም ይላል፣ ቃል በቃል። በግ አሳርዶ፣ አሠርቶ፣ አስጭኖ ሳይነግሩ መውጣት እንግዲህ ቀላል ሥራ አይደለም፣ ቤት ውስጥ ያለ ሰው ያውቀዋል። ቤቷን ግን አዳነች።

ሰው የሚዘለው ቀጥሎ ያለውን ነው። ማታ ስትመለስ ናባል ሰክሮ ነበር፣ ዝም አለች። ጠዋት ወይኑ ሲለቀው ሁሉንም ነገረችው። የደበቀችው አንድ ቀን ነው። አንቺ ስንት ወር ሆነሽ?

የመንደራዋ፦
እማማ፣ አራት ወር ተኩል ገደማ።

የአጂፕ ሾፌር፦
እማማ፣ ናባል ሲነገረው ምን እንደሆነ አልጨረሱልንም። ልቡ ደረቀ፣ በዐሥር ቀኑ ሞተ! ይሄ ታሪክ ለሚስት እንጂ ለባል አይመችም።

የቆጪው፦
እናንተ ትቀልዳላችሁ። እኔ ደርሶብኛል። የቀድሞ ባለቤቴ ለስድስት ዓመት ደብቃ ታጠራቅም ነበር። ያወቅኩት ስንፋታ ነው። ገንዘቡ ሕጋዊ ድርሻዬ ቢሆንም ጥዬላት ወጣሁ። ያመመኝ ብሩ አይደለም። እኔ ማታ ማታ ስለ ነገ ሳወራት፣ ቤት እንሥራ፣ ልጁን የተሻለ ትምህርት ቤት እናስገባው ስላት፣ እሷ መሄጃዋን እየቆጠረች ነበር። በአንድ አልጋ ላይ ሁለት ነገ። እህቴ፣ አንቺ ለቤት ብለሽ ይሆናል። ባልሽ ራሱ ሲያገኘው ግን እንደኔ ነው የሚያነበው። ፌስታሉ ለምን እንደተቀመጠ አይናገርም።

ፍርድ ቤት የምውል፦
ከሕጉ ትንሽ ልበል። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራሉ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ባልና ሚስት በትዳር ውስጥ በግል ሠርተው የሚያገኙት ገቢ የጋራ ነው ይላል። ኮረሪማ ሸጠሽ ያገኘሽው የሁለታችሁ ነው። በሌላ በኩል ያው ሕግ ከ500 ብር በላይ ለመበደር፣ ለማበደር፣ ወይም ለዚያ ያህል ዕዳ ዋስ ለመሆን የሁለቱን ስምምነት ይጠይቃል። 500 ብር በያኔው ገንዘብ ነው እንግዲህ፣ ዛሬ የአንድ ሳምንት ዕቁብሽ ናት። እኛ ጋ የኦሮሚያው የቤተሰብ ሕግ ነው የሚሠራው፣ ዝርዝሩን ጠበቃ ጠይቂ። ሐሳቡን ግን ያዢው። ባልሽ ብቻውን መፈረም አልነበረበትም። ጊዜው ሳያልፍ ፍርድ ቤት ሄደሽ ልትቃወሚ ትችይ ነበር።

የመንደራዋ፦
ባሌን ልክሰስ? በዚያ ሳምንት ሰው እንዴት እንዳየን ብታውቅ። ለንስሐ አባታችን እንኳ ላሟን «ሸጥናት» ነው ያልኳቸው።

የሰንበት ተማሪ፦
ኧረ! ታዲያ ይሄኛው ሰጲራ ነው።

የመንደራዋ፦
የሰጲራን ነገር ስትጽፍ ሌሊቱን እንቅልፍ ነስተኸኛል። አውቄዋለሁ።

የቋንቋ መምህርት፦
እኔ የያዘኝ ርዕሱ ላይ ያለው «ድፍረት» የሚለው ቃል ነው። ክፍል ውስጥ «ደፋር በሚለው ቃል ዓረፍተ ነገር ሥሩ» ስል ስለ ወንድ የሚጽፉት «ደፋር ወታደር» እያሉ ነው። ስለ ሴት ሲሆን «ደፋር ናት፣ ለትልቅ ሰው ትመልሳለች» ይመጣል። ለወንድ ሽልማት፣ ለሴት ስድብ የሆነ ቃል ነው። መዝሙረኛውም የድፍረት ኃጢአት እንዳይገዛኝ ጠብቀኝ ብሎ ይለምናል። ስለዚህ ብዙ ሴት ደፋር ላለመባል ስትል ዝም ትላለች፣ ዝም ብላ ደግሞ በጓሮ ትሠራለች። ዕቁቡ እኮ የዝምታው ልጅ ነው።

ስለ ድፍረት ካነሳን አስቴር አለችላችሁ። ሦስት ቀን ጾማ፣ አስጾማ፣ «ብጠፋም እጠፋለሁ» ብላ የገባችው ወደ ጠላት ሠራዊት አይደለም። ወደ ገዛ ባሏ ነው። ሳይጠራት መግባት የሚያስገድል ስለነበር ነው። ስታስቡት ይገርማል። ከሁሉ የሚከብደው በር የራስ ቤት እልፍኝ ሆነ።

ሆሊላንድ፦
እኔ ጴንጤ ነኝ፣ ይቅርታ ጣልቃ ገባሁ። እኛም ጋ ኤፌሶን 5 ሲነበብ ከቁጥር 22 ነው የሚጀመረው፣ «ሚስቶች ሆይ» ከሚለው። ቁጥር 21 እርስ በርሳችሁ ተገዙ ይላል። ማን እንደሚዘለው አላውቅም።

የዕቁብ ዳኛ፦
ጣልቃ ገብቼ ላስቸግራችሁ። እኔ ከ20 ዓመት በላይ ዕቁብ ዳኝቻለሁ። አንድ ነገር ልጠይቅሽ ልጄ። በ18ኛው ሳምንት ዕጣ ወጥቶልሽ ብሩን ከወሰድሽ፣ 22 ሳምንት ይቀርሻል። ዋስ ሳያስጠራ ብር የሚሰጥ ዳኛ የለም። ማን ሆነሽ?

የመንደራዋ፦
ጎረቤቴ አባቴ። አዴ ነው የምንላት፣ ሙስሊም ናት። ለጾማችን ሽሮ ታሰናዳልኛለች፣ በረመዳን እኔ ሳምቡሳ እጠብስላታለሁ። እሷም ዕቁብተኛ ናት። አንድ ጥያቄ ሳትጠይቀኝ ፈረመችልኝ።

የዕቁብ ዳኛ፦
እግዜር ይስጣት። ግን ይሄን አስቢ። ካንቺ ሌላ 39 ዕቁብተኛ አለ። ዕጣው ሲወጣ ስምሽ ተጠርቷል፣ ተጨብጭቧል። ሐሙስ ገበያ መሐል የተጨበጨበ ምስጢር አይባልም። የማያውቀው ባልሽ ብቻ ነው። እኔ እንዲህ ያለ ነገር ሲፈነዳ አይቻለሁ። ሁልጊዜ የሚፈነዳው ጫት ቤት ወይ ጋራዥ ውስጥ ነው፣ «ሚስትህ ዕቁብ በላች አሉ፣ እንኳን ደስ አለህ» ሲባል። ያን ቀን ሰው ፊት የሚያፍርበት ፊት ያጣል። ከሌላ ሰው አፍ አይስማው።

ዝምተኛዋ፦
ሁላችሁም «ንገሪው፣ ድፈሪ» አላችሁ። ማንም ያልጠየቃትን እኔ ልጠይቅ። ይማታል? የሚማታ ከሆነ ይሄ ሁሉ ጥቅስ ይቀመጥ። ብሩን አዴ ጋ አድርጊ፣ ብቻሽን አትንገሪው። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ የትዳር ጓደኛ ላይ የሚፈጸም ጥቃትን ለብቻው አንቀጽ ሰጥቶ ነው ያስቀመጠው፣ 564 ነው። «መስቀሌ ነው» ብዬ ስንት ዓመት እንደተሸከምኩ እኔ ነኝ የማውቀው። መስቀል አልነበረም፣ ዱላ ነበር።

የመንደራዋ፦
እህቴ፣ እግዚአብሔር ይካስሽ። የኔ እጁን አንስቶብኝ አያውቅም። ሲናደድ ይወጣል፣ መኪናውን ያጥባል። ላሟ የሄደች ቀን ሁለት ጊዜ አጥቧታል።

የአጂፕ ሾፌር፦
ይሄን ሰውዬ ወደድኩት።

የመንደራዋ፦
ተመልሻለሁ። ነገርኩት።

ዐርብ ማታ ከአዲስ አበባ ገባ። የጊንጆዋ እማማ እንዳሉት የመንገድ ድካሙ እስኪለቀው ጠበቅኩ። ቅዳሜ ከሰዓት ቡና አፈላሁ፣ ልጆቹን አዴ ጋ ሰደድኩ። አቦሉን ዝም ብዬ አሳለፍኩት። ቶናው ላይ ተነስቼ ፌስታሉን ከበርሜሉ አወጣሁና ረከቦቱ ላይ አስቀመጥኩት። ዱቄቱ ሲኒዎቹ ላይ ረገፈ። «ዕቁብ ነው። ላሟ ከሄደች በኋላ ነው የገባሁት። 20 ሺህ ነው» አልኩ። ከዚያ በላይ ያዘጋጀሁት ንግግር ነበረኝ፣ አስቴርም አቢግያም ነበሩበት፣ ሁሉም ጠፋብኝ።

ፈትቶ አላየውም። አልቆጠረውም። ቆይቶ «ዋስሽ ማን ነው?» አለኝ።

«አዴ» አልኩት።

«እኔ እያለሁ?»

ምን ልበለው? «ላንተ ዋስነት ላም ከፍለናል» የሚል አፌ ላይ መጥቶ ነበር። ዋጥኩት። እሱ ግን የሰማው ይመስለኛል። በረካውን ሳይጠጣ ወጣ። በመስኮት ሳይ ባልዲ ይዟል።

እሑድ ቅዳሴ አብረን ሄድን። ሳንነጋገር ሄድን፣ ሳንነጋገር ተመለስን። ሰኞ ማታ «ያኔ ልነግርሽ ፈልጌ ነበር፣ እምቢ ትያለሽ ብዬ ፈራሁ» አለ። ምጣዱን እየወለወልኩ ስለነበር ጀርባዬን ሰጥቼዋለሁ፣ ፊቱን አላየሁትም። እኔም «እምቢ እል ነበር» አልኩ። ያ ብቻ ነው ያወራነው።

ዛሬ ሐሙስ ዕቁብ ልከፍል ስሄድ ዳኛችን «ባልሽ ትናንት መጥቶ ነበር» አሉኝ። አዴን ከዋስነት አስወርዶ በሷ ቦታ እሱ ፈርሟል። ለቀሪው ሳምንት ሁሉ።

ብሩ አሁንም ዱቄቱ ውስጥ ነው። ዛሬ በ20 ሺህ ላም አይገዛም፣ ጥጃም ከተገኘ ነው። ለንስሐ አባታችንም ገና አልነገርኩም፣ ስለ ላሟ የዋሸኋቸውን። እሱ ይከብደኛል።

የቆጪው፦
እህቴ፣ ዕድለኛ ነሽ። እኔ ቢነገረኝ ኖሮ ብዬ አሰብኩ። አላውቅም።

ፍርድ ቤት የምውል፦
ቆይ፣ 20 ሳምንት እንኳ ቢቀር በ500 ብር 10 ሺህ ነው። ከ500 ብር በላይ ዋስ ለመሆን ያንቺ ስምምነት ያስፈልገዋል። ሲፈርም ጠይቆሻል?

የመንደራዋ፦
አልጠየቀኝም። ከዳኛው ነው የሰማሁት።

የአጂፕ ሾፌር፦
ያው ናችኋ!