ወተታችን ሰው አሳመመ እየተባለ "ችግር የለም በይ" ተባልኩ፣ ምን ላድርግ?

ሰላም ለሁላችሁ፣ ሱሉልታ አንድ ወተት ማቀነባበሪያ ውስጥ ነው የምሰራው፣ የደንበኛ ስልክ የማነሳው እኔ ነኝ። ከጠዋት ጀምሮ የናንተን ወተት ጠጥተው ልጆቻችን አስመለሳቸው እያሉ እየደወሉ ነው፣ ቴሌግራም ላይም ፎቶው እየዞረ ነው። አለቃዬ ምርመራው እስኪያልቅ ችግር የለም በይ አለኝ፣ አፌ እምቢ አለኝ።

መልስ፦
እህቴ እንዳትዋሺ። ምክንያቱን ሳታውቁ ምክንያት አትናገሩ፣ ግን "ይሄ ቀን የተጻፈበትን ወተት አትጠጡ፣ መልሱልን፣ የታመመ ልጅ ቶሎ ሐኪም ይየው" ለማለት እኮ የላብራቶሪ ውጤት አያስፈልግም። በ1982 እንደ ፈረንጆቹ ቺካጎ አካባቢ ታይሌኖል የሚባለው ማስታገሻ ውስጥ ሰው ሳይናይድ ጨምሮበት 7 ሰው ሞተ፣ አምራቹ ጆንሰን ኤንድ ጆንሰን መርዙን የጨመርኩት እኔ አይደለሁም ብሎ አልተቀመጠም፣ አትዋጡ ብሎ አስጠንቅቆ ወደ 31 ሚሊዮን ብልቃጥ ከገበያ ሰበሰበ፣ ከዛ ከተነካ የሚያስታውቅ ማሸጊያ ይዞ ተመለሰ፣ ገበያውም ተመለሰለት።

መልስ፦
ባለሱቆቹን አትርሷቸው በናታችሁ። ለገጣፎ ሱቅ አለኝ፣ አንዴ የተበላሸ ዘይት መጥቶልኝ ከአከፋፋዩ ሳይሆን ከደንበኛ ነው የሰማሁት፣ ጎረቤቴ ፊት ያፈርኩት ግን እኔ ነኝ። ፌስቡክ ላይ ከመለጠፋችሁ በፊት ለኛ ደውሉ። ደግሞ በኦሮምኛም ጻፉት፣ ሱሉልታ ነው ያላችሁት።

ጠያቂዋ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የታይሌኖሉን ለአለቃዬ አነበብኩለት፣ ዝም ብሎ ቆየና ሾፌሮቹን ጥራ አለው ስቶር ኪፐሩን። አሁን ለሱቆቹ እየደወልኩ ነው።