አለቃ ማታ ሲጽፍ መመለስ ግዴታ ነው?

ሒሳብ ሠራተኛዋ፦ አንድ ጥያቄ ላንሣ። የምሠራው አስመጪ ድርጅት ውስጥ ነው፤ ስሙን ተዉት። 11 ሰዓት ተኩል ላይ እንወጣለን። ታክሲ ተሰልፌ፣ ቤት ገብቼ፣ ልጄን አብልቼ ስጨርስ 3 ሰዓት ይሆናል። ልክ በዚያ ሰዓት የመሥሪያ ቤቱ ቴሌግራም ይጮኻል። «የትናንቱን ደረሰኝ ላኪ።» «ያ ፋይል የት ገባ?» ሰኔ ሲሆን ይገባኛል፤ ሒሳብ ይዘጋል፣ ማምሸት አለ። ይሄ ግን ጥቅምትም ኅዳርም ነው። ባለፈው ሳምንት አየሁትና ለጠዋት አቆየሁት። ጠዋት በሰው ፊት «አይተሽ ዝም አልሽኝ» ተባልኩ። ከሥራ ሰዓት በኋላ አለመመለስ ንቀት ነው? እኔ አይደለም ባይ ነኝ። ተከራከሩኝ።

የመርካቶ ልጅ፦ እህቴ፣ አትቀየሚኝ። ሰባት ሰው ቀጥሬ አሠራለሁ። ንግድ ሰዓት አያውቅም። ዕቃዬ ጅቡቲ ቆሞ አንድ ወረቀት ሲጎድል እንዴት ብዬ ልተኛ? ዲመሬጁ፣ ዕቃ ወደብ ላይ ሲዘገይ የሚከፈለው፣ ይቆጥርብኛል። ደግሞ ሠራተኞቼም ሲቸግራቸው ሰዓት አይተው አይመጡም። አንዱ እናቱ ታማ ሌሊት 8 ሰዓት ደውሎልኝ መኪና ይዤ ሄጃለሁ። እንደ ቤተሰብ ነው የምንኖረው። አንድ መልእክት መመለስ ምን ይከብዳል?

ነጭ ጋዋን፦ አንድ ቢሆንማ ማን ይከራከር ነበር። እኔ ነርስ ነኝ። እኛ ጋ ማታ ሰው ሊሞት ይችላል። ግን ዲዩቲ አለ፣ ርክክብ አለ። ተረኛው ነቅቶ ያድራል፤ ሌላው ይተኛል። ካልተኛ ነገ መድኃኒት ይሳሳታል። ነፍስ በያዘ ሥራ ይህ ከተቻለ ለደረሰኝ እንዴት ያቅታል? ሰባቱን በየተራ መድባቸው። ዛሬ ማታ የሚደወልለት ይታወቅ፤ ስድስቱ ስልካቸውን ያጥፉ።

ስለ እናቱ ግን አንድ ነገር ልበልህ፣ ወንድሜ። ያደረግኸው ትልቅ ነገር ነው፤ እግዜር ይስጥህ። ውለታውን ግን ከሥራው ጋር አትቀላቅለው። ያ ልጅ ከዚያ ሌሊት በኋላ አንተን «ዛሬ አልችልም» ማለት ይችላል? አይችልም። ይሉኝታ ይይዘዋል። አንተ ቤተሰብ ስትል እሱ ዕዳ ሊሆንበት ይችላል።

የሕግ ተማሪ፦ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ፣ ቁጥር 1156/2011፣ መደበኛውን ሰዓት በቀን 8፣ በሳምንት 48 ላይ ገድቦታል። ከዚያ ያለፈው ትርፍ ሰዓት ነው። እሱም እንደፈለጉ የሚታዘዝ አይደለም፤ እንደ አደጋ፣ ከአቅም በላይ የሆነ ነገርና አስቸኳይ ሥራ ያለ ምክንያት ይፈልጋል። ያውም በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት አይበልጥም። ክፍያው እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት አንድ ተኩል እጥፍ ነው። በዕረፍት ቀን ሁለት፣ በበዓል ሁለት ተኩል ይሆናል።

ፈረንሳይ ከ2017፣ አውስትራሊያ ከ2024 ጀምሮ (በፈረንጆቹ ነው) ከሰዓት ውጪ ስለሚመጣ መልእክትና ጥሪ ሕግ አላቸው። የእኛ አዋጅ ስለዚህ ዝም ይላል። ግን ትርፍ ሰዓት በአሠሪው ግልጽ ትእዛዝ እንደሚሠራ ይናገራል። ማታ 3 ሰዓት «አሁን ሠርተሽ ላኪ» ተብሎ ሲጻፍልሽ ትእዛዝ ካልሆነ ምንድን ነው? መልእክቶቹን አታጥፊያቸው።

አዲስ ተቀጣሪ፦ እኔ የሙከራ ጊዜዬ ላይ ነኝ። 60 የሥራ ቀን። እስከዚያ ያለ ማስጠንቀቂያ ሊያሰናብቱኝ ይችላሉ። አንቀጽ ብጠቅስ ማን ያስቀጥለኛል? ሥራ ፈላጊው በር ላይ ነው። ሌሊት 6 ሰዓትም ቢጽፉልኝ እመልሳለሁ።

ከኩዌት፦ ሰው ቤት ነው የምሠራው። እዚህ በፈረንጆቹ 2015 በወጣው ሕግ በቀን ከ12 ሰዓት በላይ አንሠራም፣ በሳምንት አንድ ቀን እናርፋለን። በር ተዘግቶ ውስጥ ያለው ሌላ ነው፤ እሱን ልተወው። ከመምጣቴ በፊት አዲስ አበባ ሦስት ዓመት ሰው ቤት ሠርቻለሁ። አሠሪዬ ቢሮ ነበር የምትውለው። አለቃዋ ማታ ሲደውልላት ታለቅሳለች። ስልኩን ዘግታ እኔን ትጠራለች። «ተነሺ፣ ሻይ አፍዪልኝ።» ከምሽቱ 5 ሰዓት። ክፉ ሰው አልነበረችም። እኔም የሥራ ሰዓት ሊኖረኝ እንደሚገባ ግን አንድ ቀን ትዝ ብሏት አያውቅም።

የሕግ ተማሪ፦ እውነቷን ነው። አዋጁ የቤት ሠራተኛን አያካትትም። የሥራ ሁኔታቸው ወደፊት በሚወጣ ደንብ ይወሰናል ብሎ አልፎታል።

የመርካቶ ልጅ፦ ቤትና ቢሮ አንድ አይደለም። ቤት ውስጥ ፊርማ የለ፣ መግቢያ መውጫ የለ።

ሒሳብ ሠራተኛዋ፦ እኔም እንደዚያ ልል ነበር። ግን ስልኬን ይዤ እዚህ ስከራከር ጓዳ ውስጥ ዕቃ የምታጥበው ልጅ ከንጋቱ 11 ሰዓት ጀምሮ ቆማለች። መግቢያ መውጫ ከሌለ የሌለው እኔ ስላላበጀሁት ነው። ከእራት በኋላ ያለውን ዕቃ እኔ አጥባለሁ። እሑድ ሙሉ ቀን የራሷ ይሁን። ይህን ዛሬ እነግራታለሁ።

አለቃዬን ደግሞ ነገ ለብቻቸው አናግራቸዋለሁ፤ ግሩፕ ላይ አልጽፍም፣ ሰው ፊት ማሳፈር ይሆናል። «የሚያስቸኩል ነገር ካለ ይደውሉልኝ፣ አነሣለሁ። የተጻፈውን ግን ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል ላይ እመልሳለሁ» እላቸዋለሁ። አዲሱ ተቀጣሪ፣ አንተን ቻል አልልህም። መጀመር ያለብን እኛ ቋሚዎቹ ነን።

የመርካቶ ልጅ፦ እሺ፣ ተራውን ከሰኞ ጀምሮ እሞክረዋለሁ። ግን ሳይደወልለት ላደረ ተረኛም ልክፈል? እዚህ ላይ ገና አልተስማማሁም።

ነጭ ጋዋን፦ ስልኩን ትራሱ ሥር አድርጎ ነው ያደረው። አዎ፣ ትከፍላለህ።