ለአጥር የምተክለው ተክል ወራሪ እንዳይሆን በምን ላጣራ?

ጠያቂ፣ ከአዘዞ፦
ጤና ይስጥልኝ። በምሠራው ቤት ዙሪያ በዚህ ክረምት የአጥር ተክል ለመትከል አስቤ አንድ ችግኝ ሻጭ ዘንድ ብሄድ፣ አበባው ሲፈነዳ ቢጫ ሆኖ ቆይቶ ወደ ብርቱካንማና ወደ ቀይ የሚለወጥ፣ ግንዱ እሾኻማ፣ ቅጠሉ ሲታሽ ኃይለኛ ሽታ ያለው ቁጥቋጦ አሳየኝ። ውኃ ባያገኝም እንደሚጸድቅና ከብት እንደማይበላው ነገረኝ፤ ስሙን ስጠይቀው ግን «የወፍ ቆሎ» ከማለት በቀር ሌላ አላወቀም። ለሠላሳ ችግኝ ቀብድ ከመክፈሌ በፊት ወራሪ መሆን አለመሆኑን እንዴት እንደማጣራ ብታስረዱኝ ምስጋናዬ የላቀ ነው።

መልስ 1፦
ቀብዱን ሳይከፍሉ መጠየቅዎ ደግ አድርገዋል። የገለጹት ሁሉ ላንታና ካማራ ከሚባለው ተክል ጋር ይገጥማል። የትውልድ ስፍራው መካከለኛውና ደቡብ አሜሪካ ሲሆን፣ ለጌጥ ተብሎ ወደ ብዙ አገሮች ከተወሰደ በኋላ ከግቢ ወጥቶ ግጦሽና ደን ወርሯል፤ ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት ከዘረዘራቸው 100 የከፉ ወራሪ ዝርያዎችም አንዱ ነው። ሻጩ ያሞገሰበት ጠባይ ሁሉ እኔን የሚያሰጋኝ ነው፤ ድርቅ ይችላል፣ ከብት ስለሚሸሸው ያለ ከልካይ ይስፋፋል፣ ተርቦ የበላው ከብት ደግሞ ጉበቱ ይጎዳል።

ሆኖም «የወፍ ቆሎ» ለተለያዩ ተዛማጅ ዕፅዋት የሚሰጥ ስም ስለሆነ፣ በአገርኛው ስም ብቻ አይወስኑ። አበባና ፍሬ ያለበትን ቅርንጫፍ በጋዜጣ መካከል ተጭነው ያድርቁና ለጎንደር ዩኒቨርሲቲ የባዮሎጂ መምህራን ወይም በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ለሚገኘው ብሔራዊ ሄርባሪየም (የደረቁ ዕፅዋት ናሙና ማኖሪያ) ያሳዩ። ሳይንሳዊ ስሙን ካገኙ በኋላ፣ የአየር ጠባዩ ከእኛ ጋር በሚቀራረብ ሌላ አገር ተክሉ ምን እንዳደረሰ ይመልከቱ፤ በእኔ እምነት ከዚህ የሚበልጥ መረጃ የለም።

መልስ 2፣ ከማራኪ፦
ይህ ተክል በብዙ ግቢዎች ለዓመታት ኖሯል፤ ጎንደርም ከ2,000 ሜትር በላይ ስለሆነች ብርዱ የሚገታው ይመስለኛል። ስጋቱ የተጋነነ አይሆንም?

መልስ 3፣ ከደምቢያ፦
ወንድሜ፣ ብርዱ ጎንደር ላይ ቢያዘገየው እንኳ ፍሬውን የበላው ወፍ ዘሩን ወደ ቆላው ይዞ ይወርዳል፤ የመገጭ ወንዝም የሚፈሰው ወደ እኛ ሜዳ ነው። እምቦጭም በዓለም የተሠራጨው ሐምራዊ አበባው ስላማረ ነበር። በአገራችን ከ1950ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በቆቃና በአዋሽ ቢታወቅም፣ በጣና ላይ መታየቱ የተነገረው በ2004 ዓ.ም. አካባቢ ነው። ከዚያ ወዲህ የደምቢያ ገበሬ ደረቱ ድረስ ውኃ ውስጥ ገብቶ በእጁ ሲነቅል ኖሯል፤ ዘሩ ግን በጭቃው ውስጥ ለብዙ ዓመታት ሳይሞት ስለሚቆይ ተመልሶ ይበቅላል። ለዓመታት ዝም ያለ ተክል ነገም ዝም ይላል ብሎ መተማመን ይከብደኛል።

ለጠያቂው፦ እሾኽ ከፈለጉ አጋምና ቀጋ አሉልዎ፤ ሁለቱም የአገራችን ናቸው፣ ፍሬያቸውንም ልጆች ይበሉታል። ቶሎ የሚደርስ ከሆነ የሚሹት፣ ሰንሰል በቁራጭ ግንዱ ይጸድቃል።

ጠያቂ፣ ከአዘዞ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ቅርንጫፉን ዛሬ ለማድረቅ ጋዜጣ ውስጥ አስገብቻለሁ፤ ችግኙን ግን ትቼዋለሁ። ለመንገድ በኩል አጋም፣ ለጎረቤት በኩል ሰንሰል እተክላለሁ። የሰንሰል ቁራጭ የሚሰጠኝ ጎረቤት አለ፤ የአጋም ችግኝ በአዘዞ ወይም በጎንደር የት እንደሚገኝ የሚያውቅ ቢጠቁመኝ ክረምቱ ሳይወጣ እተክለው ነበር።