በስርቆት የተገኘ ማስረጃ በአይሁድ ሕግ ይደመጣል ወይ?

አወያይ፦ ሰላም ለሁላችሁ። መነሻችን በ2006 እ.ኤ.አ. እስራኤል ውስጥ የተፈረደ የፍቺ ጉዳይ ነው። ባል፣ ሚስቱ ቤት ውስጥ ከሌላ ወንድ ጋር ሳለች ያለ ፈቃዷ የተነሱ ፎቶዎችን ለነታንያው የረቢዎች ፍርድ ቤት አቀረበ። ረቢዎቹ ተቀበሉ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ግን፣ ያኔ ፕሬዚዳንቱ አሃሮን ባራክ ነበሩ፣ ፎቶዎቹ ማስረጃ መሆን አይችሉም አለ። ማን ልክ ነው?

የሺቫ (የአይሁድ ሃይማኖት ትምህርት ቤት) ተማሪ፦ ባራክ የፈረዱት በ1981ዱ የግላዊነት ጥበቃ ሕግ ነው። እሱ የክኔሴት፣ የእስራኤል ፓርላማ፣ ሕግ ነው እንጂ ሐላካ፣ ማለትም የአይሁድ ሃይማኖት ሕግ፣ አይደለም። የሐላካ ዳኛን የሚያስጨንቀው እውነቱ ነው። ሰርቆ ያመጣ ሰው ስለ ስርቆቱ ለብቻው ይጠየቃል፤ ያመጣው ነገር ግን ይታያል።

ጠበቃዋ፦ ቆይ እንጂ ወንድሜ። ከሺህ ዓመት በፊት ጀርመን ማይንዝ ላይ ታላቁ ረቢ ራቤኑ ጌርሾም የሰው ደብዳቤ ከፍቶ የሚያነብን ገዝተዋል። ኦሪት ዘዳግም 24 ደግሞ አበዳሪ መያዣ ሊወስድ ተበዳሪው ቤት አይግባ፣ ውጭ ይቁም ይላል። ዕዳው እውነት ሆኖ ሳለ! በዳስ በዓል የተሰረቀ ዘንባባ ይዞ መጸለይስ ይቆጠራል?

የሺቫ ተማሪ፦ አይቆጠርም። ግን ዘንባባው አምልኮ ነው፣ ፎቶው ደግሞ ማስረጃ። ግዝቱም የሚይዘው አንባቢውን ነው። ደብዳቤው አይሰማ አላለም።

የሃይፋው፦ ልጆች፣ ሁለታችሁም ዋናውን አልፋችሁታል። በጥንቱ የወንጀል ችሎት ይህ ጥያቄ ብዙም ቦታ አልነበረውም። ለምን? ማስረጃው ራሱ እንደ ተራራ ከባድ ስለነበር ነዋ። በዓይናቸው ያዩ ሁለት ምስክሮች ያስፈልጋሉ፤ አጥፊውም ቀድሞ ማስጠንቀቂያ ሊሰጠው ይገባል። ሰውየው ራሱ «አዎ አድርጌያለሁ» ቢል እንኳ በእምነት ቃሉ አይቀጣም። የመካከለኛው ዘመን የአይሁድ ሕግ ሊቅ ራምባም (ማይሞኒደስ) ይህንን በግልጽ ጽፈውታል። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1966 ፖሊስ ለተጠርጣሪ ዝም የማለት መብቱን ይንገረው ያለበትን የሚራንዳን ፍርድ ሲጽፍ በግርጌ ማስታወሻው ጠቅሷቸዋል። ገርፈህ ያናዘዝከው ቃል ምን ይጠቅምሃል ታዲያ? ሚሽናም፣ የጥንቱ የአይሁድ የቃል ሕግ መድብል፣ በሞት ለሚያስቀጣ ጥፋት ምስክር ደብቆ ማስቀመጥን የፈቀደው ለአንድ ሰው ብቻ ነው፦ ሌላውን ወደ ጣዖት ለሚያስት። ምስክሮቹ ጨለማ ክፍል ተደብቀው ይሰሙታል።

ጠበቃዋ፦ ጋሼ፣ ይሄ ለእኔ ይጠቅማል። ለሌላው አይፈቀድም ማለት ነዋ።

የሺቫ ተማሪ፦ ለእኔም ይጠቅማል። መደበቅ በራሱ ማስረጃን አያበላሽም ማለት ነው።

የሃይፋው፦ ፍቺ ላይ ግን ያ ሁሉ አጥር የለም። ሁለት ምስክር ባይኖርም ረቢዎቹ ፎቶም፣ መልእክትም አይተው ይመዝናሉ። ጥበቃው የሚሳሳው ሰው በየቀኑ በሚቆምበት ችሎት ነው። ከ1953 ጀምሮ እስራኤል ውስጥ የአይሁድ ጋብቻና ፍቺ በረቢዎች ፍርድ ቤት እጅ ነው፤ ከጎንደር የመጣነውም እዚያው ነን።

የአሽዶዷ፦ እኔ የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ባል ቤት ውስጥ ይመታታል እንበል፣ ሚስት ድምፁን በስልኳ በስውር ቀዳች። እሱንም ልትጥሉባት ነው?

ጠበቃዋ፦ አይ እህቴ፣ ይሄ ይለያል። እሷ የንግግሩ ተካፋይ ናት። የ1979ኙ የስውር ማዳመጥ ሕግ የሚከለክለው ማንኛቸውም ተነጋጋሪ ሳይፈቅዱ ሌላ ሰው ሲያዳምጥ ነው።

የሺቫ ተማሪ፦ የ1981ዱ ሕግም እኮ አንቀጽ 32 ላይ ለፍርድ ቤቱ መፍቀጃ ትቶለታል። ስለዚህ በሩ ጨርሶ አልተዘጋም።

ጠበቃዋ፦ አልተዘጋም፣ ግን ዳኛው ምክንያቱን መጻፍ አለበት። ይጻፉት! «እውነቱን ማወቅ ፈለግን» ብቻ ከሆነ ግን የማንም መኝታ ቤት አይተርፍም።

አወያይ፦ እውነቱን ለመናገር ልቤ ወደ ጠበቃዋ ያደላል። የሃይፋው ጋሼ ያሉት ነው ያሳመነኝ።

የአሽዶዷ፦ የሺቫው ልጅ አንድ ነገር ይመልስልኝ። የሰረቀው ለብቻው ይጠየቃል ብለሃል። ባልየው በዚያው ችሎት ፎቶውን ይዞ ፍቺውን ካሸነፈ፣ ግዝቱን ዛሬ የሚያስፈጽምበት ማነው?