ጥቆማ፦ ከደሴ ተነስቶ የድሮ ጓደኛ ለመጠየቅ በምን መሄድ፣ የት ማደር ይሻላል?

አልጋና ማብሰያ በተገጠመለት መኪና የባሕር ዳርቻ እየተከተሉ፣ በየከተማው የድሮ ጓደኛ እየጠየቁ መጓዝ ስንቱ ይመኘዋል። እኛ ባሕር የለንም። ሐይቅ ግን አለን፣ ወዳጅም በየመንገዱ ሞልቷል። እንዲህ ያለ መኪና የሚያከራይ ደሴም ኮምቦልቻም አላውቅም። ስለዚህ እዚሁ ባለው ነገር ጥሩ ጉዞ እንዴት እንደሚወጣ ልንገራችሁ።

መስመሩ ይህ ነው፦ ቅዳሜ ሐይቅ ከተማ፣ እሑድ ኮምቦልቻ፣ ሰኞ ባቲ። ሰኞን ለባቲ ያስቀመጥኩት የገበያው ቀን ስለሆነ ነው። ሐይቅ ከደሴ በወልድያ መንገድ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ኮምቦልቻ በሌላው አቅጣጫ 25፣ ከዚያ እስከ ባቲ 40 ገደማ። መንገዱ አጭር ነው፤ ቀኑን የሚበላው ቡናው ነው።

መኪና ስትመርጡ መጀመሪያ ማሰብ ያለባችሁም ይህንኑ ነው። ወሎ ቤት ገብቶ አቦሉን ብቻ ጠጥቶ መነሳት የለም። ቶናው አለ፣ በረካው አለ፣ ከዚያ ደግሞ ምሳ ሳትበሉማ አትሄዱም ይባላል። የመናኸሪያ ሚኒባስ ርካሽ ነው፣ ብቻውን ለሚሄድ ሰው እሱን የሚያህል የለም። ግን እስኪሞላ ትጠብቃላችሁ። አመሻሹ ላይም መኪና እንዳያልቅባችሁ ልባችሁ ይንጠለጠላል። ከስንት ዓመት በኋላ ያገኛችሁት ጓደኛ ፊት ሰዓት እያዩ መቀመጥ ያሳቅቃል።

የቤት መኪና ተከራይቶ ራስ መንዳት ለሁለት ለሦስት ሰው ይመቻል። ብቻ ሐረጎን፣ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚያወርደውን ጠመዝማዛ ቁልቁለት፣ የማያውቅ ሰው መሪ ባይዝ እመርጣለሁ። ደሴ 2,500 ሜትር አካባቢ ላይ ናት፣ ኮምቦልቻ 1,850 አካባቢ። ያ ሁሉ ቁልቁለት እዚያች አጭር መንገድ ላይ ነው ያለው፣ የጭነት መኪናውም ብዙ ነው። ፍሬን እየረገጡ ብቻ ከወረዱ ፍሬኑ ይግላል፣ ሲግል ደግሞ መያዝ ያቅተዋል። በከባድ ማርሽ ቀስ ብሎ መውረድ ነው።

አራትና ከዚያ በላይ ከሆናችሁ ኮንትራት ሚኒባስ ከነሾፌሩ ያዙ። የእኔ ምርጫ ይህ ነው። ውሉን ግን በቀን አድርጉት። «ሐይቅ ደርሶ መልስ» ብላችሁ ከተስማማችሁ፣ ገና ሁለተኛው ቡና ሳይቀዳ ሾፌሩ ጥሩምባ ማሰማት ይጀምራል። አይፈረድበትም፣ ሌላ ሥራ ይጠብቀዋል። ነዳጁ በማን እንደሆነ፣ የሾፌሩ አልጋና ምግብ በማን እንደሆነ፣ ከመሸ ጭማሪ ይኖር እንደሆነ ሳትነሱ ጨርሱ። ስኮርታ ጎማውንና ክሪኩን አስወጥታችሁ እዩ። ጎማው ጥርሱ ያለቀ ከሆነ ዋጋው ቢረክስም ይቅርባችሁ። ነዳጅ በፈለጉት ሰዓት ላይገኝ ስለሚችል ዋዜማውን ይቀዳ። መንገዱ ሰላም መሆኑንም ጠዋት ለጓደኞቻችሁ ደውላችሁ አጣሩ፤ በዚያ ቀን ስለዚያ መንገድ እዚያው ያለ ሰው ነው የሚያውቀው።

መኪና ውስጥ ማደር የምትፈልጉ ከሆነ የኋላ ወንበሩ የሚነሳ ሃይሩፍ ሚኒባስ ጠይቁ። ጣሪያው ከፍ ስለሚል ልብስ ለመቀየር እንኳ ይመቻል። ሁለት ስፖንጅ ፍራሽ፣ ወፍራም ብርድ ልብስና አጎበር ከያዛችሁ ሌላው ትርፍ ነው። የወባ ነገር ስላለ አጎበሩን አትተዉ። ሻይና ቡናውን ፔርሙስ ይችለዋል። የከሰል ምድጃ ግን መኪና ውስጥ እንዳታስገቡ፣ ለሙቀትም ቢሆን። ጭሱ ባይታይም የከሰል አየር ይገድላል።

ደግሞ አንድ ነገር አስቡበት። ወዳጃችሁ ቤት እያለው መኪና ውስጥ አድራለሁ ብትሉት ቅር ይለዋል። «ምነው፣ ቤቴ ጠበበህ?» ቢላችሁ መልስ የላችሁም። ስለዚህ ጓደኛ ባለበት ከተማ እሱ ዘንድ እደሩ። መኪናው ውስጥ ማደሩን ሐይቁ ዳር አድርጉት፣ ከተቻለም ሎጅ ጊቢ ውስጥ አስፈቅዳችሁ። ጥበቃም መጸዳጃም ታገኛላችሁ። አልጋ የምትይዙ ከሆነ ግን ሐይቅና ባቲ ላይ ከመፈለግ ኮምቦልቻ ይሻላል። ፋብሪካውና ኢንዱስትሪ ፓርኩ ብዙ እንግዳ ስለሚያመጡ ሆቴሉ አማራጭ አለው፣ ሌሊቱም እንደ ደሴ አይበርድም።

ሐይቅ ላይ ምሳችሁ ዓሣ ይሁን። ይህን የምለው ጣፋጭ ስለሆነ ብቻ አይደለም። የወሎ ጓደኝነት ግማሹ ክርስቲያን ግማሹ ሙስሊም ነው፣ ሥጋ ሲሆን የማን እርድ ነው የሚለው ሁለት ትሪ ያስቀርባል። ዓሣ ግን አንድ ትሪ ላይ ያስቀምጣችኋል። በጾም ወቅት ዓሣ የማይበላ ካለ አስቀድማችሁ ጠይቁ። ቆሮሶ የሚባለውን ዓሣ ሙሉውን፣ ጎኑን ተልትለው ሲጠብሱት ከዳጣና ከሎሚ ጋር ነው የሚበላው። ከመጠበሱ በፊት አሳዩን በሉ። ዓይኑ ያልደፈረሰ፣ ስንጥቡ ቀይ ከሆነ የዛሬ ነው።

የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳምን ማየት የምትፈልጉ፣ አባ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው መቶ ዘመን ያስተማሩበት ቦታ ነው። አቡነ ተክለ ሃይማኖትም እዚያ ተምረዋል። ሴቶች ግን አይገቡም። እህቶቻችን መኪና ውስጥ ተቀምጠው እንዳይጠብቁ ያን ሰዓት ለእነሱ ጀልባ ያዙላቸው። ጀልባ ላይ የሕይወት አድን ጃኬት ከሌለ አትውጡ። ሐይቁ ጥልቅ የሚባለው ቦታ 88 ሜትር ይደርሳል፣ ዳር ላይ ፀጥ ብሎ መታየቱ አያታልላችሁ።

ባቲ ላይ ማልዶ መድረስ ነው። ፀሐዩ ሳይበረታ የግመሉን ገበያ እዩ። ከቆላ የሚወጣው አፋር፣ ከደጋ የሚወርደው አማራ፣ እዚያው ያለው ኦሮሞ ሲገበያይ ማየት ብቻውን ጉዞውን ያካክሳል። ፎቶ ከማንሳታችሁ በፊት ባለቤቱን አስፈቅዱ። ገንዘብ ዘርዝራችሁ ያዙ።

ባዶ እጅ መሄድ የለም መቼስ። ስኳርና ቡና የትም ያስኬዳል። ለባቲ ጓደኛ ግን የደጋ ነገር ይበልጥበታል፦ የገብስ ቆሎ፣ በሶ፣ ድፎ ዳቦ። ድፎውን እሑድ ማታ ኮምቦልቻ ካለው ወዳጅ ቤት ብታስጋግሩ ጠዋት ትኩሱን ይዛችሁ ትነሳላችሁ። ሾፌሩን ደግሞ ከባቲ የምትነሱበትን ሰዓት ጠዋቱኑ ንገሩት፣ ሐረጎን ሳይመሽ እንዲወጣው።